ለቮልስ ባለቤት የምትሆን ማጽናኛ

ልማድ ነዋ፤ የመኪና ዕቃ ሌባ መጀመሪያ የሚከፍተው የፊቱን ኮፈን ነው። ቮልስ ግን እዚያ ያስቀመጠችለት የነዳጅ ታንክና ስኮርታ ጎማ ብቻ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር! የጀርመን መሐንዲሶች የአዲስ አበባን ሌሊት ቀድመው አይተውታል ብሎ መኩራት ይቻላል፤ እስኪነጋ።

ምክንያቱም እነዚያው መሐንዲሶች ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ያሰሩት በአራት ቡሎን ነው። ለጥገና እንዲመች። (ማን እንደሚጠግን አልተናገሩም።) የብዙዎቹ የድሮ ቮልሶች የኋላ ክዳን ደግሞ ጭራሽ ቁልፍ የለውም።

ስለዚህ ባለቤቱ ክዳኑን በስቶ ጓጉንቸር ያንጠለጥላል፤ ስፖኪዮው ላይ የታርጋ ቁጥሩን ያስቀርጻል፤ ለዘበኛው ሻይ መጠጫ ይጨምራል፤ ዘበኛውም አመስግኖ ይተኛል። እጅግ ጠንቃቃው ማታ ማታ የስፒንተሮጀኑን ሮቶር ነቅሎ ትራሱ ሥር ያሳድረዋል። ያለሱ መኪናዋ አትነሳም፤ እውነት ነው። ካርቡራተሩ ግን ለመሄድ የመኪናዋን መነሳት አይጠብቅም።

በማግስቱ ባለቤቱ መርካቶ ይወርዳል። ሻጩ አንዱን ካርቡራተር በጨርቅ እየወለወለ፣ «ኦሪጅናል ነው ጋሼ! ባለቤቱ የነበረው ሰው በጣም ተጠንቅቆ ነው የያዘው» ይለዋል።