ያልተነቃነቀው ሸራ

እ.ኤ.አ. በ1955 ፓሪስ ውስጥ፣ በዴኒዝ ሬኔ ጋለሪ፣ «እንቅስቃሴ» የተባለ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። የሠዓሊው ቫሳሬሊም የቀራፂው ካልደርም ሥራዎች በአንድ ጣራ ሥር ዋሉ። ተረቱ የሚጀምረው ግን ማታ፣ ተመልካቹ ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

ግድግዳው ላይ ጥቁርና ነጭ ሸራ ተሰቅሏል፤ ዓይንን ለሚያታልለው ለዚህ ዓይነቱ ሥዕል «ኦፕ አርት» የሚለው ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1964 ስለሆነ ያኔ ገና ስም የለሽ ነው። ከጣራው ደግሞ በቀጭን ሽቦ የተያያዙ የብረት ቅጠሎች ተንጠልጥለዋል። አርቲስቱ ዱሻም ቀደም ብሎ «ሞባይል» ብሎ የሰየማቸው ዓይነት ናቸው፤ በር በተከፈተ ቁጥር ይዞራሉ።

«እናንተ ቀዥቃዦች!» አለ ሸራው። «እኔ ከተሰቀልኩ ጀምሮ አንዲት ስንዝር አልተነቃነቅሁም። ሰው የሚያከብረው የረጋውን ነው።»

ቅጠሎቹ አፈሩ። እውነትም ሲወዛወዙ ነው የዋሉት።

ጥግ ላይ ድሯን ያደራችው ሸረሪት ግን ዝም አላለችም። «እኔ ሰዎቹን ሳይ ነው የዋልኩት። ቅጠሎቹ ሥር ሲደርሱ ቀና ይላሉ፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደገባ ያያሉ፣ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። አንተ ፊት ግን አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳ ያዘች። መስመሮችህ እየጠበቡ ሲሄዱ ሸራው ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ይመስላል፤ ዓይን ማረፊያ ያጣል።»

«የተንቀሳቀሰው ዓይኗ ነው! እኔ ምን አደረግሁ?»

«ድሮ የኖርኩበት ቤት አባወራው ከወንበሩ አይነሳም፣ ድምፁንም አያሰማም ነበር። ቅንድቡን ሰብሰብ ካደረገ ግን ሚስቱ ወደ ጓዳ፣ ልጆቹ ወደ ደጅ፣ ሠራተኛዪቱ ወደ ምድጃ ይሮጣሉ። እንግዳ ሲመጣ እሱን ‹የረጋ ሰው› ብሎ ያደንቃል። በድንጋጤ ሳህን የሰበረችውን ሠራተኛ ቀዥቃዣ ይላታል።»

እኔ ተራኪው ልቤ ከዚያች ሠራተኛ ጋር ነው።

ሸራው መልስ ሳይሰጥ ዘበኛው መስኮቱን ዘጋ፣ መብራቱን አጠፋ። ነፋስ ያጡት ቅጠሎች ቆሙ። የሚያየው ዓይን ያጣው ሸራም ቆመ።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ቅጠሎቹ መዞር ጀመሩ። አንድ ሕፃን ከእናቱ እጅ አመለጠና ወደ ሸራው ሮጠ። እናቱ ከሩቅ አየችው፤ ራሷን አዞራትና ቆም አለች። ልጁ ግን አፍንጫው ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። ከቅርብ የታየው የብሩሽ ጫፍ ያለፈበት ጥቁር ቀለም፣ ከጎኑም ነጭ ቀለም ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ ነይ ወደዚህ፣ ተጠጊ» ብሎ ጠራት።