ጳጉሜን ላይ አትወለዱ

ከሶፍትዌር ቤቶች ሥራ ሁሉ እኔ የማደንቀው ሶፍትዌሩን ሳይሆን ጉድለቱ የሚመዘገብበትን ሥርዓት ነው። ሶፍትዌሩ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ መዝገቡ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጂራ በሉት፣ ባግዚላ በሉት፣ እዚያ የገባ ጉድለት፣ በሙያው ቋንቋ ባግ፣ ቁጥር ይወጣለታል፣ ቀለም ይቀባል፣ ኃላፊ ይመደብለታል፣ በየሳምንቱ ስብሰባ ስሙ ይጠራል። ከመስተካከል በቀር የሚጎድልበት ነገር የለም።

ጥበቡ እንዲገባን አንዲት ትንሽ ጉድለት ይዘን እንግባ። ልብ ወለድ ናት፤ ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ግን የሚያውቃት ይመስለዋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ የምዝገባ ቅጽ ሠርቷል። የቀን መምረጫው ከውጭ የተቀዳ ነውና የወሮቹ ዝርዝር ከመስከረም ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያበቃል። ሶፍትዌሩን የምትፈትሸው ቴስተር ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ቀን፣ የተወለደ ሰው ልትመዘግብ ትሞክራለች። ወሩ የለም።

እንግዲህ ትጽፋለች። ርእስ፣ ቨርዥን፣ ስህተቱን ለማየት የሚኬድበት ቅደም ተከተል፣ የተጠበቀው ውጤት፣ የተገኘው ውጤት። ከዚያ ሴቨሪቲ፣ ከዚያ ፕራዮሪቲ። ሁለቱ ለምን ተለያዩ ብሎ የሚጠይቅ የዋህ አይጠፋም። ሴቨሪቲ ጉዳቱ ምን ያህል እንደከበደ ይናገራል፤ ፕራዮሪቲ ደግሞ መቼ እንደሚነካ። ክፍፍሉ በመሠረቱ ጤነኛ ነው፤ የፊት ገጹ ላይ ከድርጅቱ ስም ፊደል ቢገደፍ ጉዳቱ ቀላል፣ ማስተካከሉ ግን አስቸኳይ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ «እጅግ አደገኛ፣ ግን አያስቸኩልም» ብሎ ጽፎ በሰላም ወደ ቤት ለመሄድ ያስችላል።

መልሱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። «እህቴ፣ እኔ ጋ ይሠራል።» ዴቨሎፐሩ አልዋሸም፤ መስከረም 2 የተወለደ ሰው መዝግቦ አይቷል። «እስቲ ስክሪንሾት ላኪልኝ።» የሌለ ወር ፎቶ እንዴት እንደሚነሣ የሚያስረዳ መመሪያ የለም፤ እሷ ግን ትጉህ ናትና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ከፍታ አንሥታ ትልካለች። «አየሁት፣ ምስሉ ላይ ምንም ስህተት አይታይም።» አሁንም እውነቱን ነው። 12ቱም ወሮች በትክክል ተጽፈዋል። ቪዲዮ ይጠየቃል። ሎግ ይጠየቃል። በየትኛው ብራውዘር? በሁሉም። ቲኬቱ፣ ማለትም ያስመዘገበችው ጉድለት፣ «ሊደገም አልቻለም» ተብሎ ይዘጋል። ትከፍተዋለች። «ቀድሞ የተመዘገበ ነው፣ 412ን ተመልከቺ» ተብሎ እንደገና ይዘጋል። 412ን ስትከፍተው እሱም ቀድሞ የተመዘገበ ነው ተብሎ ተዘግቷል፤ በየትኛው ቁጥር ብላ ብታይ በራሷ ቲኬት።

ይህ የእኛ ሰው ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ኔትስኬፕ ለሞዚላ ፕሮጀክት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ የወጣው ባግዚላ አንድ ባግ ሲዘጋ ምክንያት ይጠይቃል። ለዓመታት አብረውት የኖሩት ምርጫዎች 5 ናቸው፦ ተስተካክሏል፣ ባግ አይደለም፣ አናስተካክለውም፣ ተደጋጋሚ ነው፣ እኔ ጋ ይሠራል። ከ5ቱ በሮች በ4ቱ አንድም መስመር ኮድ ሳይነኩ መውጣት ይቻላል። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት በቅንነት ነው፤ እውነትም ባግ ያልሆነ ባግ ሞልቷል። እኛ በሮቹን አልፈጠርናቸውም፤ የምንወጣው በየትኞቹ እንደሆነ ግን ቀድመን አውቀናል።

ወደ ጳጉሜናችን እንመለስ። ጉዳዩ እየጋለ ሲሄድ ፕሮዳክት ማኔጀሩ ይገባበታል። «ለመሆኑ ስንት ሰው ነው ጳጉሜን ላይ የሚወለደው?» 5 ቀን ከ365፣ ማለት 1.4 በመቶ ገደማ። ቁጥሩ ስላይድ ላይ ሲወጣ እጅግ ያጽናናል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር፣ ልደት በቀኖቹ ላይ እኩል ቢከፋፈል፣ ይህ ከሚሊዮን የሚበልጥ ሰው መሆኑን ለመጻፍ ግን ስላይዱ ቦታ አልበቃውም። መፍትሔም ይገኛል፤ ኮዱን ከማስተካከል ተጠቃሚውን ማስተካከል ይቀላል። ነሐሴ 30 ብሎ ይሙላ። ካልተስማማው መስከረም 1 ይበል። በ1990 ጳጉሜን 5 የተወለደ ሰው እንግዲህ መስከረም 1 ቀን 1991 ተወለደ። የተሸጋሸገው አንድ ቀን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ዓመት ወጣ። ዓመተ ምሕረቱን ብቻ አይቶ ዕድሜ የሚያሰላ መሥሪያ ቤት ትምህርቱንም ጡረታውንም በዚያው ያሰላለታል። ምናልባት እናቱ ተሳስታ ይሆናል።

በዚህ መሐል ግምገማ ይደርሳል። ቴስተሯ የምትመዘነው ባስመዘገበችው ቲኬት ብዛት ነው። ስለዚህ ብልህ ትሆናለች፤ ጳጉሜን 1 የለም፣ ጳጉሜን 2 የለም፣ ጳጉሜን 3 የለም እያለች 5 ቲኬት ታወጣለች። ዴቨሎፐሩ የሚመዘነው በባግ ማነስ ነው። እሱም ብልህ ይሆናል፤ 5ቱንም «ባግ» ከሚለው አውጥቶ «አዲስ ፍላጎት» የሚለው ውስጥ ይከታቸዋል። ቅድመ አያቶቻችን በሩፋኤል ዝናብ ሲታጠቡባት የኖሩት ጳጉሜን በዚህ ሩብ ዓመት አዲስ ፍላጎት ሆነች። ሁለቱም ቦነሳቸውን ወሰዱ።

ከብዙ የሥራ ዙር፣ በእነሱ ቋንቋ ስፕሪንት፣ በኋላ ወሯ ትጨመራለች፣ 5 ቀን ይዛ። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ በ4 ዓመት አንዴ የምትመጣው 6ኛዋስ? ሌላ ቲኬት። «ያለፈችው በ2015 ነበር፣ የምትመጣው በ2019፤ ጊዜ አለን።» በ2015 ጳጉሜን 6 የተወለደችው ልጅ ግን ጊዜ የላትም፤ አፀደ ሕፃናት መመዝገቢያዋ እየደረሰ ነው። ጓደኛዋ ሠናይትም በንጉሡ ሠ ሳይሆን በእሳቱ ሰ ስሟን የጻፈ ሰው ስለመዘገባት በፍለጋ አትገኝም፤ እሷ ገና ቲኬትም አላገኘች።

ሶፍትዌሩ የሚለቀቅበት የሪሊዝ ዋዜማ ደግሞ በዓል ነው። የሙከራ መመዝገቢያው ቴስትሬይል ላይ የወደቀ ሙከራ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ «እንደገና ይሞከር» የተባለው ግን ቢጫ ነው። ቀይ ይዞ አለቃ ፊት መቆም ደስ ስለማይል ቀዩ እንደገና ይሞከር ይባላል፤ ማንም አይሞክረውም። ጂራ በበኩሉ ቲኬቶችን በጅምላ የመቀየሪያ ዘዴ አለው፤ የተረፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደሚቀጥለው ሪሊዝ ይሸኛል። ሰንጠረዡ አረንጓዴ ሆነ። ኬክ ይቆረሳል። በዚህች ሌሊት «ይቺ ክፍያ ላይ ያለችው ነገር ግን…» የምትል ቴስተር ብትነሣ ቡድኑን የማትወድ ተደርጋ ትታያለች። ጥሩ ቲኬት የሚጽፉ፣ የዘጉባቸውን መልሰው የሚከፍቱ ቴስተሮች ጥቂት አይደሉም፤ ሥርዓቱን የሚያውኩትም እነሱ ናቸው።

ከመዝገብ ያመለጠ ባግ ግን ቅጽ ሞልቶ አይመጣም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በአንድ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ካላቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሲስተም ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው አለ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ዶርሞች ሲዞር ተማሪው ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። እንዲህ ያለ የሙከራ ቡድን በየትም አልታየም፦ ያለ ደመወዝ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በየከተማው። ቅደም ተከተሉን አንዱ ለሌላው በስልክ ነገረው፤ «ሊደገም አልቻለም» ያለ ሰው አልተሰማም። ገንዘቡን ሳይመልሱ የቆዩት በኋላ ስማቸውና ፎቶአቸው ወጣ። ቴስተር በዚህ አገር ይህን ያህል ዕውቅና አግኝቶ አያውቅም።

ሥርዓቱ እስከ ጫፉ ሲሄድ ማየት የሚሻ ግን ወደ ብሪታንያ ይመልከት። ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ ለአገሪቱ ፖስታ ቤት ያስተዳድረው የነበረው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየቅርንጫፉ ተዘረጋ። ፉጂትሱ የታወቁ ስህተቶች መዝገብ ነበረው፤ እንደ ደንቡ የተያዘ፣ በባለሙያ የተሞላ። ከባጎቹ አንዱ እንዲያውም ስሙን ያገኘው ስኮትላንድ፣ ፎልከርክ ከተማ ከነበረው የካለንደር ስኩዌር ቅርንጫፍ ነው። የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ግን ሒሳቡ አልገጥም አለኝ ብለው ሲደውሉ፣ ብዙዎቹ እንደመሰከሩት፣ ይህ የገጠመው እርስዎን ብቻ ነው ይባሉ ነበር። የጎደለውን ከኪሳቸው ሞሉ፤ ቤታቸውን ያጡ አሉ። ከ900 በላይ ሰዎች ሌባና አጭበርባሪ ተብለው ተፈረደባቸው፤ እስር ቤት የገቡም አሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን መዝገቡ በቦታው ነበር፣ ተከሳሾቹ እንዲያዩት ባይፈቀድም።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ዳኛ ፍሬዘር ሲስተሙ ባግ እንደነበረበት ፈረዱ። በኃላፊዎቹ ላይ የተላለፉትን ፍርዶች በጅምላ ለመሻር ግን እስከ ሜይ 2024 (ግንቦት 2016 ዓ.ም.) መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ሁለት ምክር ቤቶችና የንጉሥ ይሁንታም አስፈለገ። በጂራ ቢሆን አንድ ጠቅታ ይበቃ ነበር።