የ28 ቀን ባለጸጋ

ልጁን ለትምህርት ወደ ውጭ ለመላክ የሚጣጣር ቤተሰብ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳድደው የባንክ ስቴትመንት ነው። ይህ ወረቀት ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከርሱ የፈጠነ የድህነት መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። የብሪታንያ የተማሪ ቪዛ ደንብ የትምህርትና የኑሮ ወጪው በተማሪው ወይም በወላጁ ሒሳብ ቢያንስ 28 ተከታታይ ቀናት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይጎድል፣ ተቀምጦ እንዲታይ ይፈልጋል። ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ዛሪማ ላይ የሚኖር ገበሬ ይህን እንዴት ያደርገዋል? አጎት የሰሊጡን ሽያጭ ያመጣል፤ አክስት ላሟን ትሸጣለች፤ ጎንደር የሚነግደው ዘመድ «ለወር ብቻ» ብሎ ያበድራል። ትናንት ለማዳበሪያ ሲበደር የነበረው ሰው ዛሬ ማኅተም ያረፈለት ባለጸጋ ነው።

እንግዲህ ይህን ጸጋ ለአንድ ቤት ብቻ ማዋል ንፉግነት ነው። 28 በ13 ሲባዛ 364 ይሆናል። ስለዚህ ያው አንድ ገንዘብ ከሒሳብ ሒሳብ እየተዘዋወረ በዓመት 13 አባወራ ያበለጽጋል፤ በቀረችው አንድ ቀን ገንዘቡ ራሱ ይረፍ፣ ደክሞታል። ተረኛው ባለጸጋ በሠርግ ከፊት ይቀመጥ፣ በሽምግልና ቃሉ ይሰማ፤ በ29ኛው ቀን ጠዋት ካባውን ለቀጣዩ አስረክቦ ወደ ሞፈሩ ይመለስ። ተራ እንዳይፋለስም ጸሐፊ ይሾም። ጥቂት ዓመት ብንታገሥ ዛሪማ ውስጥ በሰነድ ያልበለጸገ ቤት አይገኝም፤ አንዲት ጥጃ ሳትጨመር። ብቻ በነዚያ 28 ቀናት አባትየው አደራ እንዳይታመም። ልጁ በሰው አገር ለመታከሚያ በዓመት 776 ፓውንድ የጤና ክፍያ አስቀድሞ ይከፍላል፤ አባት ግን ለራሱ ሕክምና ከዚያው ሒሳብ ጥቂት ብር ቢያወጣ ባለጸግነቱ ይፈርሳል።

«ታዲያ ተማሪው ሰው አገር ሄዶ ይራብ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ለ28 ቀን የቆመ ገንዘብ ማንንም አያበላም። ጀርመን የምትጠይቀው «ብሎክድ አካውንት» ቢያንስ እውነተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 11,904 ዩሮ የደረሰው ተቀማጭ በየወሩ 992 ዩሮ እየሆነ ለራሱ ለተማሪው ይለቀቃል። ክብደቱ ሌላ ነገር ነው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ፣ ቤተሰብ ያጠራቀመው ብር የሚገዛው ዩሮ በጥቂት ወራት ወደ ግማሽ ወርዷል። ያችው ጀርመን፣ አገሯ የሚኖር ሰው ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ በሕግ ግዴታ ቢገባም ትቀበላለች። ዋስ ማለት ነው። ስቴትመንታችንም የሚመሰክረው ዘመድ መኖሩን ነው፤ ልዩነቱ ዋሱ ስሙ ተደብቆ መቅረቡ ነው። የተበደሩትን የራስ አስመስሎ ማቅረብ ውሸት ነው። ሲደረስበት ቪዛ የሚከለከለው ልጁ ነው፤ ላሟን ሸጣ የምትቀረው አክስቲቱ ናት።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጁ ከ29ኛው ቀን ጀምሮ በምን እንደሚኖር በእጃችሁ ባለው ገንዘብ አስሉ። ስሌቱ መልስ ካጣ፣ ነጻ የትምህርት ዕድል እስኪገኝ ላሟ አትሸጥ።