ትበራለች፣ ትጠፋለች

እናቴ አንድን ነገር ለማመስገን ከሁለት አንዱን ትፈልጋለች፤ ወይ ይበላ፣ ወይ ይጥቀም። እኔና የእህቴ ልጅ የምግብ ጠረጴዛውን ይዘን የሠራነው ነገር ሁለቱንም አላሟላም። መዳፍ የማትሞላ ሰማያዊ ሰሌዳ ከላፕቶፑ ጋር በገመድ ተያይዛለች፤ ከጎኗ ሽምብራ የምታህል ቀይ መብራት አንድ ሰከንድ ትበራለች፣ አንድ ሰከንድ ትጠፋለች። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን እናያታለን።

«ምን ታደርጋለች?» አለች እናቴ።

«ትበራለች» አለች የእህቴ ልጅ በኩራት። «ከዚያ ትጠፋለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደግሞ ትበራለች፣ እማማ።»

«ለዚህ ነው ገንዘብ ያወጣችሁት? የሰፈራችን መብራት ማንም ሳያዘው ሲበራ ሲጠፋ አይደል እንዴ የሚውለው!»

መልስ አልነበረንም። ልዩነቱ ግን «ማንም ሳያዘው» የሚለው ላይ ነው። የሰፈሩ መብራት አይሰማንም፤ ይቺ ትሰማለች። ልጅም፣ ድመትም፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞትም እምቢ ያሉት ሰው፣ «ብሪ» ሲላት የምትበራ ነገር ሲያገኝ እራቱን ቢረሳ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚጀምረው እኛ ሳንናገር የቀረነውን ነገር ሌላ ሰው፣ ወይም ሌላ ነገር፣ ሲናገርልን ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሰሌዳዋ አርዱይኖ ትባላለች። የተወለደችው በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ የነበረ የዲዛይን ትምህርት ቤት ሰዎች፣ ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረ ሰው ሳይፈራ የሚነካካው ርካሽ ነገር ፈልገው ሠሯት። ስሟን ያወጡላት ከሚያዘወትሩት መጠጥ ቤት ነው። መጠጥ ቤቱ ደግሞ ስሙን የወሰደው በ1002 የጣሊያን ንጉሥ ከሆነውና ከሁለት ዓመት በኋላ በጀርመኑ ሄንሪ ከተገፋው ከአርዱይን ነው። ዙፋኑን አስጠብቆ መኖር ያቃተው ንጉሥ፣ በመጠጥ ቤት በኩል ዞሮ የእኛ ምግብ ጠረጴዛ ድረስ መግባቱ ይገርመኛል።

አእምሮዋ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ማስታወሻዋ ግን 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚፈጅ 700 ፊደል እንኳ አይገባባትም። ይህን ወግ በቃልሽ ያዢ ብትባል አንድ ገጽ ሳይሞላ እሷ ትሞላለች። ፈጣንና ረሺ! እንዲህ ዓይነት ሰው ቢሮ ውስጥ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም።

መብራቷን ኤልኢዲ ይሏታል። ሁለት እግር አላት፤ ረጅሙ ወደ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል። ከድሮው አምፖል የምትለየው «በቃኝ» የማታውቅ በመሆኗ ነው። የአምፖል ክር ሲግል ራሱ ከረንቱን ይገታል። ኤልኢዲ ግን 2 ቮልት ገደማ ላይ አንዴ ከተከፈተች የመጣላትን ሁሉ ትጠጣለች፣ እስክትቃጠል ድረስ። ስለዚህ ከጎኗ ሬዚስተር የሚባል ከልካይ ይቆማል። ሰሌዳዋ 5 ቮልት ትሰጣለች፤ ቀይዋ መብራት 2ቱን ትወስዳለች፤ የተረፈው 3 ቮልት ለ220 ኦም ሲካፈል 14 ሚሊአምፒር ገደማ ይሆናል። ለመብራት ይበቃል፣ ለመቃጠል አይበቃም።

ስሌቱ እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ከባዱ 220ውን ማግኘት ነው። መርካቶ ያለው ባለሱቅ «220 ኦም አለህ?» ስንለው አንድ ፌስታል ሙሉ ድብልቅልቅ ያለ ሬዚስተር አውጥቶ «እዚያ ውስጥ አይጠፋም፣ ወንድም፤ ምረጥ» አለ። የሩዝ ፍሬ በምታህል ነገር ላይ ቀጫጭን የቀለም ቀለበቶች ተቀብተዋል። ቀይ፣ ቀይ፣ ቡኒ ከሆነ 220 ነው። ቀይ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ ከሆነ 22 ሺህ ነው፤ መብራቷም በርታ ይሁን ጠፍታ ለማወቅ በእጅ ሸፍኖ ማየት ያስፈልጋል። ማታ ደግሞ ቡኒውም ብርቱካናማውም አንድ መልክ ይይዛሉ። የእህቴ ልጅ በስልክ ካሜራ እያጎላች፣ እኔ ወደ መስኮት እየሮጥኩ ስንከራከር እናቴ መነጽሯን አደረገችና ፌስታሉን ወደ ራሷ ሳበች። «ይኼ ቡኒ። ይኼ ብርቱካን። ይኼ ቀይ ነው፣ ግን የከሰረ ቀይ።»

ሽሮ ሜዳ ለአንድ ጥለት ክር ቀለም ግማሽ ቀን ቆማ የምትከራከር ሴት መሆኗን ዘንግተን ነበር። ከቡና በፊት ፌስታሉን ለቅማ ጨረሰችው፤ እያንዳንዱን ዓይነት በባዶ የቅመም ብልቃጥ አስቀመጠችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስለ ሬዚስተር የምትጠየቀው እሷ ናት፤ አዋዜ የሚሸት ሬዚስተር ያለንም እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ስለ ገመድ ብዙ አልልም። ቤት ውስጥ ያሉት የዩኤስቢ ገመዶች ግማሾቹ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ናቸው፤ ከረንት ያሳልፋሉ፣ መልእክት አያሳልፉም። ሰሌዳዋ ትበራለች፣ ላፕቶፑ ግን «ማንን ነው የምትሉት?» ይላል። ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ ኮዱን ይመረምራል፤ ኮዱ የተማረ ሰው ሥራ ስለሆነ ስህተቱም እዚያ እንዲሆን እንመኛለን። ጥፋቱ ግን የሚገኘው መሳቢያ ውስጥ ከተጠቀለለው ገመድ ነው።

ኮዱም ቢሆን ነፃ አይደለም። እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚዘጋው ከላይ ነጥብ ከታች ጭረት ባላት የፈረንጅ ምልክት ነው። የእህቴ ልጅ ከየትእዛዙ ጎን ማስታወሻዋን በአማርኛ ትጽፋለች፤ ማሽኑ ማስታወሻ ስለማያነብ ቅር አይለውም። ከዚያ የረሳቻትን መዝጊያ ልትጨምር ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ኪቦርዱ ግን ገና አማርኛ ላይ ነው። የገባው የእኛው ድርብ ሰረዝ ነው። ማሽኑ ወዲያው ሦስት አቤቱታ ያቀርባል፤ 341፣ 215 እና 244 የተባሉ ባይተዋሮች ፕሮግራሙ ውስጥ ተገኝተዋል። ሦስት የሆኑት አንዷ ምልክት 3 ባይት ስለሆነች ነው። «ጋሼ፣ 341 የሚባል ነገር መቼ ጻፍን?» ብላ ያፈጠጠችውን አልረሳም። ለአማርኛ መምህሯ ብታሳየው ሙሉ ማርክ የሚያሰጥ ሥርዓተ ነጥብ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው የትራፊክ መብራት ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ እግረኛ ሲመጣ የሚጫናት አንዲት ቁልፍም አለች። መብራቶቹ እንደ ታዘዙት ተፈራረቁ። እግረኛውን ግን የሚሰማ ጠፋ። ምክንያቱ ዲሌይ የተባለው ትእዛዝ ነው። 5 ሺህ ብለህ ከጻፍክ ሰሌዳዋ 5 ሰከንድ ትጠብቃለች፤ ስትጠብቅ ደግሞ መጠበቅ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ፍጥነት እያላት 80 ሚሊዮን ምት ሙሉ ስትቁለጨለጭ እግረኛው ቁልፉን ቢደበድብ ዞር ብላ አታየውም።

መፍትሔው እናቴ ወጥ ቤት የምታደርገው ነው። ሽሮውን ጥዳ አጠገቡ አትገተርም። ሰዓቷን አይታ ቡናዋን ትቆላለች፣ በመሃል ብቅ ብላ ታየዋለች፣ ካልደረሰ ወደ ሽንኩርቷ ትመለሳለች፤ በር ከተንኳኳም ትከፍታለች። ሰሌዳዋም ከተነሣችበት ቅጽበት ጀምሮ ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት አላት፤ ሚሊስ ይባላል። እሱን እያዩ «ጊዜው አልፏል?» እያሉ መዞር ነው። ይህ ሰዓት 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ያም 49 ቀን ከ17 ሰዓት ግድም ነው። ዐቢይ ጾም በገባበት ሰኞ ማለዳ ብናስነሣት የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ማታ ቁጥሩ ይጠፋባታል ማለት ነው። ፋሲካን ሳታይ! ከአሁኑ ሰዓት ላይ መነሻውን ቀንሶ ማወዳደር ከዚህ ያድናል፤ «እንዲህ ሰዓት ሲደርስ» ብሎ መቅጠር ነው ጣጣው።

አሁን እመጣለሁ ወዳልኩት ልምጣ፤ ወደ መንፈሱ።

አንድ ምሽት የትራፊክ መብራቱ ማንም ሳይነካው እግረኛ ማሻገር ጀመረ። እናቴ ስኒ ልታነሣ እጇን ዘረጋች፤ አረንጓዴ። እጇን ሰበሰበች፤ ቀይ። ደግማ ሞከረችው፤ ደግሞ ታዘዘላት። «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤታችን ወንበሯን ወደ በሩ አስጠጋች። ድሮም ይህ ቤት ሌሊት ኮሽታ እንደነበረው፣ የቀድሞዎቹ ተከራዮችም ተቻኩለው እንደወጡ ያን ጊዜ ነው የነገረችን። እናቴ ከመኝታ ቤት ጠበል አምጥታ አራቱን ማዕዘን ረጨች። እኔ ላፕቶፑን በክንዴ ከለልኩ።

የእህቴ ልጅ ግን ሽቦ ለሽቦ እየሄደች ነበር። ከቁልፏ ወደ ኔጌቲቭ የሚሄደው ሽቦ ተነቅሏል፤ የሰሌዳዋ እግር ከፖዘቲቭም ከኔጌቲቭም ሳይያያዝ ተንጠልጥሏል። እኛ ይህን እንደ ዜሮ እንቆጥረዋለን። ሰሌዳዋ አትቆጥረውም። ያልተያያዘ እግር አየር ላይ ያለውን ሁሉ ይለቅማል፤ በግድግዳችን ውስጥ ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ 220 ቮልት ያልፋል፤ የሰው ገላ ሲጠጋ እንደ አንቴና ያቀብለዋል። እናቴ ሳታውቀው የሰፈሩን መብራት በእጇ ይዛ እያስተላለፈች ነበር።

ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ሰሌዳዋም በላፕቶፑ ቆመዋል። ሻማ ተለኮሰ። እናቴ እጇን አስጠጋች፤ ምንም። መለሰች፤ ምንም። «ሄደ» አለች ጎረቤታችን በሹክሹክታ። ከስኒው ሁለተኛ ዙር በኋላ የሰፈር ልጆች «መብራት መጣ!» ብለው ሲጮኹ እሱም አብሮ መጣ። ለፊዚክስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ ለጎረቤታችንም እንደዚሁ።

ሽቦው ተመለሰ። ኮዱ ላይ አንዲት ቃል ተጨምራ በሰሌዳዋ ሆድ ውስጥ ያለው ሬዚስተር እግሩን ወደ 5 ቮልት ስቦ ያዘው። ከዚያ ወዲያ ቁልፏ ካልተጫኗት በስተቀር ዝም ናት፤ ቢሆንም በአንድ ግፊት ሦስት አራት ጊዜ የተጫኗት የሚመስላት አመል ነበራት፤ ብረቱ ሲነካካ ስለሚነጥር ነው፤ ጥቂት ሚሊሰከንድ ታግሦ ማንበብ ፈወሳት። ጠበሉም የተረጨው በዚያው ምሽት ስለሆነ መንፈሱን ማን እንዳባረረው ቤታችን ውስጥ እስካሁን ስምምነት የለም።

እናቴን ያሸነፋት ግን ይህ አይደለም፤ ውሃው ነው። ውሃ ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣው ሰው ሲተኛ ነው፤ እሷም ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ጥላ ነው የምታድረው። «እንግዲህ ይቺ መብራታችሁ ውሃ መምጣቱን ትንገረኝ» አለች። «ሰማያዊ ትሁን። እንዳትጠቅሰኝ ደግሞ፤ በርታ ትቆይ።»

ሰማያዊ! ቀይ ኤልኢዲ በ1962 አሜሪካ ውስጥ ኒክ ሆሎንያክ በተባለ ተመራማሪ እጅ ተሠርታለች። ደማቅ ሰማያዊ ለማግኘት ግን ዓለም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ጠብቋል፤ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ በእሷ ምክንያት በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ያለ ሰማያዊ ዛሬ ቤታችን የምንሰቅለው ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ባልኖረ ነበር። አሁን ሰማያዊዋ መርካቶ ከቀይዋ ጋር በአንድ ፌስታል ነው የምትሸጠው።

ሁለት ሽቦ ከቧንቧው ሥር ባለው በርሜል ታች ላይ ተተከለ፤ ቧንቧው ክፍት ይተዋል፤ ውሃው ሁለቱን ሲያገናኝ ሰማያዊዋ ትበራለች፣ ትንሽ ጡሩምባም ትጮሃለች። ሠራ። ጥቂት ቆይቶ የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ደነቆረ፤ ውሃ ውስጥ ሳያቋርጥ ከረንት የሚያልፍበት መዳብ ይበላል። አሁን ሰሌዳዋ በየጥቂት ሰከንዱ ለቅጽበት ብቻ ከረንት ልካ «አለህ?» ብላ ጠይቃ ትመልሳለች።

ውሃው የመጣ ዕለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጡሩምባዋ መላውን ግቢ ቀሰቀሰች። ጀሪካን የሌለው ሰው አልነበረም። ጠዋት ጎረቤታችን፣ ያቺው የመንፈሷ፣ በሬዚስተሩ ብልቃጥ ፊት ተቀምጣ ቡናዋን እየጠጣች የራሷን አሳብ አመጣች። ሊጡ ቦክቶ አብሲት የሚጣልበት ሰዓት መድረሱን የምትነግር መብራት ትሠሩልኛላችሁ ወይ ነው።

እኔ ሳቅሁ። የእህቴ ልጅ ስለ ሊጡ ሙቀት ጥያቄ መጠየቅ ጀምራለች፤ እናቴም የቀለሙን ጉዳይ ይዛዋለች፤ ቢጫ ትሁን ነው የምትለው።