ሰበብ ያጣ ሽርሽር

ከሐራም ተነሣ፣ ከመርሳም፣ ከወልድያም፣ በእኛ አገር ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ሁሉ ሰበብ አለው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወልድያ መናኸሪያ ቆማችሁ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ብትጠይቁት፣ አንዱ ለሕክምና ነው ይላችኋል፤ አንዷ እኅቷ ወልዳ ልትጠይቅ ነው፤ ሌላው የመሬት ክርክር ይዞ ይግባኝ ሊል፤ ያኛው ለቅሶ ሊደርስ፤ ነጋዴው ዕቃ ሊያመጣ። ደፍሮ «ልዝናና ነው የምሄደው» የሚል ቢገኝ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ፊቱን ሰረቅ አድርጋ አይታ «አይዞህ ልጄ፣ ይሻልሃል» ትለዋለች። ጤነኛ ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ብሩን ቋጥሮ፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ለመሣቅ ብቻ አይሄድማ።

ሐራ ውስጥ የማውቀው አንድ ቤተሰብ ግን ይህን ያልተጻፈ ሕግ ሊሽር ተነሣ። ጥፋቱ የልጆቹ ነው። ሐራ ቆላ ናት፤ ቀትር ላይ ውሻው እንኳ ለመጮኽ ይሰንፋል። እዚያ ሙቀት ውስጥ ቁጭ ብለው ቲክቶክ ሲያገላብጡ ቢሾፍቱ ያለውን የኩሪፍቱን የውኃ መናፈሻ አዩ። ሰው ከፎቅ ከፍታ በቱቦ እየተንሸራተተ፣ እየጮኸ ገንዳ ውስጥ ይወድቃል፤ ወጥቶ ደግሞ እንደገና ሊወድቅ ሰልፍ ይይዛል። ለመኑ፣ አለቀሱ፣ ደብተር ወረወሩ። አባትየው ነጋዴ ነው፤ ገበያ የቀናው ቀን ማታ «እሺ፣ ትምህርት ሲዘጋ» ብሎ ተገላገለ። የተገላገለ መስሎት ነው።

ትምህርት የሚዘጋው ዝናቡ ሲከፈት መሆኑን ያን ማታ ያሰበ የለም። ሐምሌ ላይ ከሐራ ሙቀት ወጥቶ፣ ጣርማ በርን በጉም አቋርጦ፣ ቢሾፍቱ ላይ ዶፍ እየወረደበት ልብሱን አውልቆ ገንዳ የሚገባ ሰው ለመርጠብ ገንዘብ መክፈሉ ይገርመኛል። ከላይ በነፃ እየመጣለት።

የመጀመሪያው ምክክር ቡና ላይ ተደረገ፤ እኔም ለጉርብትና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ሲቀዳ ተጓዦቹ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ነበሩ። አያቲቱ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ደብረ ዘይት ከተደረሰማ ባቦጋያ መድኃኔዓለምን ሳልሳለም አልቀር፤ ለዚህ ጉልበቴም ጠበል ይገኛል» አሉ። አያቲቱ ተጨመሩ። አያቲቱን የምትደግፍ ሴት ልጅ ተጨመረች። ወሎ ነውና አጎትየው ደግሞ ሐጂ ናቸው፤ «እኔ እንኳ ለሽርሽር አይደለሁም፤ ጁምዓን አንዋር መስጊድ እሰግዳለሁ፣ ዓይኔንም እታያለሁ» ብለው ገቡ። ቶናው ሲመጣ አክስትየዋ መርካቶ የሚገዛ የሙሽራ ልብስ እንዳለባት አስታወሰች። በረካው ላይ ራሱ አባትየው «ልሂድ ካልሁ አይቀር ለሱቁ ዕቃ ልጫን» አለ። ያኔ ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ሲለቀው በዓይኔ አይቻለሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለልጆቹ ሣቅ ብር የሚያፈስ ቅብጥ ሰው ነበር፤ አሁን ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ሆነ። ጉዞው ተከበረ። ሌላውም የየራሱን ሰበብ እየያዘ ተጨምሮ ተጓዡ አሥራ አራት ደረሰ።

እኛ መዝናናት አናውቅም የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ። እናውቃለን፤ ፈቃድ የሚሰጠን ታቦት ወይም ወሊይ ስንፈልግ ነው እንጂ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ እዩት። አቀበቱ ጉልበት ይፈትናል፣ ሰልፉ አያልቅም፣ ሸንኮራ ይሸጣል፣ ዝማሬው ሌሊቱን አያስተኛም፣ አዲስ ልብስ የለበሰች ኮረዳ ደግሞ ማን እንዳያት ሳታውቅ አትመለስም። ለገና ላሊበላ የሚሄደውም እንዲሁ ነው። ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውን «ሲኦል» የሚባለውን ጨለማ ዋሻ ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ የፊተኛውን ነጠላ ጨብጦ ያለፈ ሰው፣ ከወዲያ ማዶ ብርሃን ሲያይ የሚስቀውን ሣቅ አሜሪካኖች ቲኬት ቆርጠው ነው የሚስቁት። ለዳና ወይም ለጀማ ንጉሥ መውሊድ የሚሄደው ደግሞ መንዙማውን፣ ጫቱን፣ ናፍቆት መወጣቱን ሁሉ በአንድ ጉዞ ይጨርሰዋል። ተመልሶ ግን «ደስ ብሎኝ ከረምሁ» አይልም፤ «ደርሼ መጣሁ» ይላል። ወልድያ ላይ 25 ሺህ ሰው የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከታደመው ሕዝብ ስንቱ ኳስ አፍቃሪ ነበር? ቢጠየቅ ግን ሁሉም ደጋፊ ነው።

ነገሩ የተወሳሰበው ቨርጂኒያ ያለው የአባትየው ወንድም በኢሞ ሲደውል ነው። ለካ እሱም ቤተሰቡን ይዞ ፍሎሪዳ፣ ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ ሊሄድ እያቀደ ኖሯል። በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ መናፈሻ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን አይደለም፣ በሳምንትም ዳር እስከ ዳር አያዳርሰውም። ወንድምየው የማን ልጅ የቱ ላይ እንደሚጋልብ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበላ በሠንጠረዥ ሠርቶታል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ አሳትሟል። መግቢያው በበዓል ሰሞን ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ ከ150 ዶላር እንደሚያልፍ ሲናገር ሐራ ላይ ዝምታ ወደቀ። ሐጂ በልባቸው በፍየል መነዘሩት መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ከዚያ ስለ ሰልፉ ነገራቸው። አንዱን መጫወቻ ለመሳፈር ሰዓት የሚያልፍ ጊዜ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ተጨማሪ የከፈለ ግን በሌላ በር ያልፋል፤ ለዚያም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ይዞ ተራ መያዝ አለ። ድሮ ይህ በነፃ ነበር፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው በገንዘብ የሆነው።

«ከፍሎ ሰልፍ መቅደም?» አሉ ሐጂ። «ይኼ እኮ እኛ ዘንድ ጉቦ ይባላል።»

«አይ ሐጂ፣ ይኼ ደረሰኝ አለው።»

ሐጂ በዚህ ተረቱ። አያቲቱን ያሸነፋቸው ግን የእንስሳቱ ነገር ነው። እዚያው ዲዝኒ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ አፍሪካን የሚያስመስል መናፈሻ አለ። ጎብኚው በክፍት መኪና ይጫንና ቀጭኔ፣ አንበሳ፣ ጅብ ያያል። «ጅብ? ጅብ ለማየት ከፍላችሁ?» ብለው አማተቡ። ሐራ ላይ ጅብ ማታ ማታ ራሱ መጥቶ ይጎበኛችኋል፤ ካልተጠነቀቃችሁ አህያችሁን ሒሳብ ይቀበላል። ወንድምየው በዚህም አላቆመም፤ መኪናው የሚሄድበት መንገድ አፈር እንዲመስል ተብሎ በቀለም የተበጀ ኮንክሪት እንደሆነ፣ የጎማ ዱካና ጎድጓዳ ሆን ተብሎ እንደተሠራበት፣ ተሳፋሪው እንዲንገጫገጭ በመሐንዲስ እንደታሰበ አስረዳ። አባትየው በሱቅ ዕቃ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ያደረ ሰው ነው። ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። የተበላሸ መንገድ በገንዘብ አሠርተው፣ ለመንገጫገጭ ደግሞ የሚያስከፍሉ ሰዎች እንዳሉ ማመን ከብዶት ነበር። ለእኔ ግን ጥሩ ሐሳብ መስሎኛል፤ እኛ እኮ ዕቃው በእጃችን ነው፣ የቀረን በር አቁሞ ቲኬት መሸጥ ነው።

ትንሹ ልጅ በመሐል ገብቶ «እዚያ ባቡር አለ?» ሲል ጠየቀ። አለ። በእንፋሎት የሚሄድ፣ ዋናውን መናፈሻ ዙሪያውን የሚዞር ባቡር ነው፤ አንድ ዙሩ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተነሣበት ተነሥቶ እዚያው ይመለሳል። ልጁ የጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐራ ልጅ በባቡር ወሬ ነው ያደገ። ከአዋሽ ኮምቦልቻን አልፎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መሥመር ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ግንባታውን በ2007 ዓ.ም. ጀመረ። ያኔ ሐራ ላይ መሬት የሌለው ሰው መሬት ፈለገ፤ ያለው ዋጋ ጨመረ፤ «ቁርስ ሐራ፣ ምሳ አዲስ አበባ» የሚል ወሬ በየቡናው ተቀዳ። ከዚያ ገንዘቡ አጠረ፣ በ2014ቱ ጦርነት የደረሰው ዘረፋና ጉዳት ተጨመረበት፤ ሐራ ገበያ ዛሬም ባቡሯን ትጠብቃለች። ስለዚህ ፍሎሪዳ የትም የማይሄድ ባቡር ሰው ጢም ብሎ ተሳፍሮበታል፤ ሐራ ደግሞ ብዙ አገር የሚያገናኝ መሥመር ተሰጥቷት የሚሳፈርበት የለም። ልጁ «ታዲያ የእኛው መች ይመጣል?» ሲል አባትየው «አብሽር፣ ትመጣለች» አለው። በዚያው ቃል እሱንም አባቱ አጽናንተውታል።

በባቡር ካልሆነ በመኪና ነው። አሥራ አራት ሰው በሕዝብ አውቶቡስ ተበታትኖ ከሚሄድ ሚኒባስ በኮንትራት ይያዝ ተባለ። የሚኒባሱ ባለቤት ዋጋውን ከመናገሩ በፊት የጠየቀው «መንገዱ በዚያ ሰሞን ክፍት ነው?» ብሎ ነው። ይህን የሚመልስለት ሠንጠረዥ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ የጉዞ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ቀኑን በእርሳስ ነው የሚጽፈው። የቨርጂኒያው ወንድም ለመስከረም መጀመሪያ ከወራት በፊት ክፍል ይዟል፤ የሐራው ወንድም ለነገ ጠዋት ዛሬ ማታ ስልክ ደውሎ ያጣራል። ሁለቱም ዕቅድ ይሉታል።

ማደሪያው ላይ ደግሞ ልጆቹ አንድ ስሕተት ሠሩ፤ «ሪዞርቱ ውስጥ እንደር» አሉ። ሳሪስ የምትኖር አክስት እያለች! ሆቴል መያዝ ማለት ለእሷ በቁሟ እንደ መቀበር ነው፤ «ምን በደልኋችሁ? እንጀራ የለኝም ተባለ?» ብላ እስከ ልጅ ልጅ ታነሣዋለች። ስለዚህ አሥራ አራቱም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ እንዲተኙ ተወሰነ። የሳሪሷ አክስት በስልክ «ቤቱ የእናንተው ነው» ብላ ደስታዋን ገለጸች። ከስልኩ በኋላ ምን እንዳለች እዚያ አልነበርሁም።

ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም። ቅቤ፣ ማር፣ በርበሬ፣ ከመርሳ ብርቱካንና ማንጎ በካርቶን፣ ለመንገድ በሶና ዳቦ ቆሎ። ሚኒባሱ ላይ ከሰው የተረፈውን ቦታ ይህ ያዘው። የልጆቹ የዋና ልብስ ገና አልተገዛም፤ አያቲቱ «ልብስ ተብሎ ይኼ?» ብለው ስልኩ ላይ ካዩት ወዲህ ነገሩ ለሽማግሌ ተላልፏል።

ቀኖቹ ሲደለደሉ እኔው ነበርሁ ጸሐፊ። የመጀመሪያው ቀን መድከም ነው። ሁለተኛው፣ ቃሊቲ ያለ ዘመድ ባለፈው ፋሲካ ሚስቱ ሞታበት ስላልተደረሰ ለቅሶ። ሦስተኛው ለሐጂ ዓይን። አራተኛው ለጁምዓ። አምስተኛው መርካቶ፣ ስድስተኛው ያልተቋጨው መርካቶ። ሰባተኛው ባቦጋያ መድኃኔዓለም፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል። ከዚያ ስድስት ሰዓት ገደማ ተሁኖ፣ ጊዜ ከተረፈ፣ ዝናቡም ካባራ፣ ሹፌሩም እሺ ካለ፣ ልጆቹ «ያችን ውኃ» አይተዋት ይምጡ ተባለ። ትልቋ ልጅ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አነበበችና «አይተናት እንምጣ ነው ወይስ እንገባለን?» አለች። አባትየው ወደ እኔ ዞሮ «አይተው ብለህ ጻፍ፤ መግባቱ እዚያ ይታያል» አለኝ።

እንደዚህ ተብሎ ቢያልቅ ደግ ነበር። ትናንት ማታ ግን ከሚሴ ያሉት የሐጂ ወንድም ደውለዋል። ወንድማቸው ቤተሰብ ጭኖ በደጃቸው ሊያልፍ መሆኑን ከሰው መስማታቸው አስቀይሟቸዋል። ሙክት አስረዋል፤ ምሳ እዚያ ነው፤ ምሳው ደግሞ ከተበላ በኋላ ማን በሌሊት ጣርማ በርን ይወጣል፣ አዳርም እዚያው ነው። ስለዚህ መነሻው በአንድ ቀን ቀደመ። ደሴ ያለችው የእናትየው እኅት ገና አልሰማችም።