የአጎቴ ሸክላና ባለ 60 ኸርዙ ሞተር

አጎቴ «ዲጂታል ነፍስ የለውም፣ ሙቀቱ ያለው ሸክላው ላይ ነው» ከሚሉት ወገን ናቸው። አልጋቸው ሥር በብስኩት ካርቶን የታጨቀ ባለ 45 ዙር ሸክላ አለ። የሚበዛው የሸክላ አሳታሚው የአምሃ እሸቴ ሥራ ነው። አምሃ ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ማኅበር መብት ብቻ ነው የሚለውን የንጉሡን ዘመን ድንጋጌ ተዳፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ጀመረ። እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላና 12 ትልልቅ አልበሞች አወጣ። አዲስ አበባ ማተሚያ ስላልነበራት ሸክላው ውጭ አገር እየታተመ ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣና የሸክላው ነገር አበቃ።

ካርቶኑ ቢኖርም ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል። ልጃቸው ለፋሲካ ከዋሽንግተን ሲመጣ ያገለገለ ማጫወቻ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣላቸው። በበዓሉ ማግስት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ትራንስፎርመሩ ተሰክቶ፣ የማህሙድ አህመድ ሸክላ ተጫነ። መርፌው ሲያርፍ የወጣው ድምፅ ወፍራም፣ ከባድ፣ ዝግ ያለ ነበር። ቤዙ ወለሉን ያንቀጠቅጣል። «አቤት ሙቀት! ስልክ ላይ ይሄ የት ይገኛል?» አለች አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ሁሉም ተስማማ።

አጎቴ ብቻ የጨበጡትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። «ማህሙድን ምን አድርጋችሁት ነው? የታመመ ይመስላል እኮ።»

ያን ጊዜ መንከራተት ተጀመረ። አንዱ ጠጋኝ ሸክላው ተጣሟል አለን። ሌላው ቺንጋው ላልቷል ብሎ ቀየረው፣ ገንዘቡንም ተቀበለ፣ ማህሙድ ግን አልዳነም። በመጨረሻ ፒያሳ ያገኘነው አንድ ዝምተኛ ሰው ማጫወቻውን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ጠረገና አነበበልን፤ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። «ጋሼ፣ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ነው የሚቀንሰው፤ ኸርዙን አይነካውም» አላቸው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱ የሚታሰረው በኸርዙ ነው። ስለዚህ 45 መዞር የነበረበት ሸክላ በደቂቃ 37 ተኩል ብቻ ይዞር ነበር፤ ዘፋኙም አንድ ተኩል ድምፅ ያህል ወርዶ ነበር። ሰውየው ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ፑሊ በአንድ አምስተኛ አወፍሮ ቶርኖ ቤት አሠራው። ማህሙድ ዳነ፤ አጎቴም ትከሻቸው ተነቃነቀ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሙቀት ክርክር በሰማሁ ቁጥር የዚያን ቀን አድናቆት አስታውሳለሁ። ያ ሁሉ ሰው ልቡ የተነካው ከልቡ ነው፤ የነካው ግን የዝግታውና የውፍረቱ ነገር ነበር። የሸክላ ሙቀት ብዙው ከዚሁ ወገን ነው። ቤዙ ሙሉ ቢቀረጽ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሰፍቶ መርፌውን ስለሚያዘልል ሲቀረጽ ይቀነሳል፣ ሲጫወት በማጉያው ይመለሳል። መርፌው ወደ መሐል ሲጠጋ የቦዩ ፍጥነት ስለሚቀንስ የቀጭኑ ድምፅ ጠርዝ ይደበዝዛል። በዚያ ላይ መንጣጣቱ አለ። ይህ ሁሉ ጣዕም አለው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ዲጂታል ሊይዘው የማይችለው ምሥጢር አይደለም። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ይህም የሰው ጆሮ ለሚደርስበት 20,000 ኸርዝ በቂ ነው፤ በጸጥታውና በጩኸቱ መካከል የሚሰጠው ስፋትም ከሸክላው ይበልጣል።

ይህንኑ ለአጎቴ ማስረዳት በወሬ አልሆነም። ያንኑ ሸክላ በላፕቶፕ ቀዳንና ድምፁን እኩል አድርገን፣ በዚያው ማጉያና በዚያው ስፒከር፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አንዴ ሸክላውን አንዴ ቅጂውን አሰማናቸው። ለመለየት አልቻሉም። መንጣጣቱ ሳይቀር ተቀድቷልና። ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ስልኬ ላይ ያለው ለምን እንዲያ ቀዘቀዘ?» አሉኝ።

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በየስልካችን የሚዞረው ዘፈን ብዙ ጊዜ የተቀዳው ከሸክላው አይደለም። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ኖሮ ቀጭኑ ድምፅ ከተበላ በኋላ ነው ኮምፒውተር የገባው። እዚያም ሹሽታውን እናጥፋ ሲባል የሳክስፎኑ ትንፋሽ አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ ፋይሉ ይታመቃል፤ በመጨረሻም ጎላ እንዲል ዝቅ ያለውና ኃይለኛው ድምፅ አንድ ላይ ይደፈጠጣል። የቀዘቀዘው በሰው እጅ ነው። በዲጂታሉ አይሳበብ።

ስለዚህ በቤታችሁ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ላይ የተረሳ ሸክላ ካለ፣ እባካችሁ አትጣሉት። እንዳይጣመም ከፀሐይ አርቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። መለያ ወረቀቱን ሳታረጥቡ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ አጽዱት፣ በደህና መርፌ በባለ 24 ቢት ቅዱት፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ምንም ሳትነኩት ከነመንጣጣቱ አስቀምጡት። የማጫወቻችሁንም ኸርዝ አስቀድማችሁ እዩ።