ዓሣ ነባሪ በጣና

ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ምስል ደረሰኝ፤ ከባሕር ዳር ዘንባባዎች ፊት ለፊት ዓሣ ነባሪ ከጣና ዘሎ ሲወጣ። የሐይቁ ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ፍጥረቱ ከየት ተንደርድሮ እንደዘለለ እሱ ፈጣሪ ይወቅ።

አስተያየት ሰጪው ግን ለጥልቀት ጊዜ የለውም። አንዱ «አሜን» ይላል። ሌላው «ኪሎው ስንት ነው?» ሦስተኛው «ተመስገን፣ እምቦጩን ይብላልን!» «ኧረ ይሄ በኤአይ የተሠራ ነው» ያለው ምስኪን «ምቀኛ» ተብሎ አፉን ያዘ።

በምስሉ ላይ ከዓሣ ነባሪው አጠገብ ያለው ታንኳ ቀዛፊ ስድስት ጣት አለው። ከደንገል የተሠራው ታንኳ ጎን ላይ ከ231ዱ ፊደላት አንዱንም የማይመስል ጽሑፍ አለ። ደንገል ላይ ደግሞ ማን ይጽፋል!

ፈረንጁም ቢሆን ከእኛ አይሻልም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ፌስቡክ ላይ ከሽሪምፕ ለተሠራ የኤአይ ኢየሱስ «አሜን» ሲል ከርሟል። እኛ ቢያንስ ዋጋ ጠይቀናል።

እኔስ? ለሦስት ግሩፕ አጋርቼዋለሁ፤ ያውም «እውነት ይሆን?» ብዬ፣ እንዳልጠየቅበት።

ለማንኛውም ዓሣ ልትገዙ የምትወጡ፣ ብዙ ቢላ አትሳሉ፤ ዛሬም የሚሸጠው ያው ቆሮሶና አምባዛ ነው።